ለኢንቫይሮቶን ውድድር አምስት ተማሪዎችን ማዘጋጀት፦ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ ፈተናው ቀን

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ለሒሳብ፣ ለሮቦት ሥራና ለክርክር ውድድር በየቅዳሜው ሲያመላልሱ አያለሁ፤ ኢንቫይሮቶን የሚባለውን ውድድር ግን ስሙን እንኳ የሰማ ወላጅ እስካሁን ብዙ አላጋጠመኝም። ኢንቫይሮቶን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች አምስት አምስት ሆነው ስለ አፈር፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ደን፣ ስለ ዱር እንስሳትና በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ አንድ ወቅታዊ ርዕስ የሚፈተኑበት፣ ከዚያም በአንድ የተፈጥሮ ሀብት ችግር ላይ መፍትሔ ነድፈው በዳኞች ፊት የሚያቀርቡበት ውድድር ነው። ፈተናው በአብዛኛው የሚሰጠው ከቤት ውጭ፣ ዛፉ፣ ጅረቱና የተቆፈረው ጉድጓድ ባሉበት ቦታ ሲሆን፣ አምስቱ ተማሪዎች የሚሞሉት የመልስ ወረቀት አንድ ብቻ ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ተራ ነገር ይመስላል። እኔ ግን በረዳት አማካሪነት በሠራሁባቸው ዓመታት አምስት ጎበዝ ልጆች የተሰበሰቡበት ቡድን፣ መነጋገርንና መስማማትን በለመደ መካከለኛ ቡድን ሲበለጥ ደጋግሜ ስላየሁ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚዞረው በዚሁ በአንዲቱ ወረቀት ዙሪያ ነው።

ውድድሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 በፔንሲልቬኒያ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የአካባቢ ኦሊምፒክ ይባል ነበር። የጀመሩትም የግዛቷ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ዲስትሪክቶች ናቸው። እነዚህ ዲስትሪክቶች በ1930ዎቹ የአሜሪካን መካከለኛ ሜዳዎች ያራቆተው የአቧራ ማዕበል የወለዳቸው፣ ገበሬዎችን በአፈርና በውኃ ጥበቃ የሚያግዙ የአካባቢ ተቋማት ናቸው፤ በአፈር ሳይንቲስቱ በሂዩ ሃሞንድ ቤኔት ጉትጎታ የአፈር ጥበቃ ሕግ በ1935 ከጸደቀ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1937 የየግዛቱ ገዥዎች ዲስትሪክቶችን የሚያቋቁም ሕግ እንዲያወጡ ጠየቁ። ዛሬ የፍጻሜውን ውድድር የሚመራው ናሽናል ኮንሰርቬሽን ፋውንዴሽን ሲሆን፣ ከአሜሪካ ግዛቶችና ከካናዳ ክፍላተ ሀገር በተጨማሪ ከቻይና የሚመጡ ቡድኖችም ይሳተፉበታል። አስተናጋጁ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ በ2017 ሜሪላንድ፣ በ2023 ኒው ብረንዝዊክ፣ በ2024 ኒው ዮርክ፣ በ2025 ደግሞ አልበርታ ነበሩ። ታሪኩን ያነሣሁት ለጌጥ አይደለም። ፈተናውን የሚያወጡት ሰዎች በሥራቸው ገበሬ የሚያማክሩ፣ ዛፍ የሚለኩና ጅረት የሚመረምሩ ባለሙያዎች በመሆናቸው፣ ጥያቄዎቻቸውም ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ የመስክ ሥራ ይሸታሉ።

የመጀመሪያው ስልክ

ብዙ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ትምህርት ቤቱን ነው፤ ትምህርት ቤቱም አብዛኛውን ጊዜ ቡድን የለንም ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ በቅድሚያ የካውንቲዎን የአፈር ጥበቃ ዲስትሪክት ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ። በሜሪላንድ የካውንቲው ውድድር በጸደይ ይካሄድና አሸናፊው ቡድን ወደ ግዛቱ ውድድር፣ የግዛቱ አሸናፊ ደግሞ በበጋው ወደሚካሄደው ፍጻሜ ይሄዳል። በሌሎች ግዛቶች አወቃቀሩ ሊለይ ስለሚችል፣ የምዝገባው ማብቂያ መቼ እንደሆነ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ስንት ቡድን እንደሚፈቀድ፣ የልምምድ ቀን መኖር አለመኖሩንና የትኛው የማጥኛ ጽሑፍ ለፈተናው መሠረት እንደሚሆን አራቱንም በአንድ ጊዜ ይጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል፤ አዘጋጆቹ ጥያቄ የሚያወጡበትን ጽሑፍ ራሳቸው ስለሚያሳውቁ፣ ከዚያ ውጭ ያለውን ሲያነብቡ መክረም ጊዜ ማባከን ነው።

ቀጥሎ አንድ መምህር ያስፈልጋል። መምህሩ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ባይሆንም ችግር የለውም፤ ተማሪዎቹን ይዞ ለመውጣት ትምህርት ቤቱ ኃላፊነት የሚሰጠው ሰው መሆኑ ይበቃል። ዕውቀቱን የሚሰጡ ሰዎች በካውንቲው ደን ጥበቃና በፓርኮች መሥሪያ ቤት ውስጥ አሉ፤ አንድ ተማሪ በትሕትና ጽፎ ሲጠይቃቸው አንድ ከሰዓት በኋላ ሰጥተው ማስተማር ለአብዛኞቹ ደስታ ነው። ደብዳቤውን ልጁ ይጻፍ፤ ወላጅ ሲጽፈው መልሱ ይዘገያል።

አምስቱን መምረጥ

የክፍሉን አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ሰብስቦ ቡድን ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። ከአምስቱ ቢያንስ አንዱ ጭቃ ውስጥ እጁን ከትቶ የማይጸየፍ፣ አንዱ በቃሉ ብዙ ስም የሚይዝ፣ አንዱ ቁጥር የማይፈራ፣ አንዱ በሰው ፊት ሲናገር የማይርበተበት፣ አንዱ ደግሞ ሌሎቹ ሲጨቃጨቁ ሰዓት የሚመለከት ቢሆን ይመረጣል። የዕድሜ ስብጥርም ያስፈልጋል፤ ሁሉም የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሆኑ በቀጣዩ ዓመት ከባዶ መጀመር ይመጣል። እኔ ሁለት የ10ኛ ክፍል ልጆች የሌሉበትን ቡድን ማዘጋጀት ትቻለሁ። ከአምስቱ ሌላ አንድ ወይም ሁለት ተጠባባቂ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው ይማሩ፤ በጸደይ ወራት ስፖርት፣ ፈተናና ጉንፋን ተደራርበው ቡድን ያፈርሳሉ።

ክፍፍሉን እንዲህ ያድርጉት። አምስት ርዕስና አምስት ተማሪ ስላለ እያንዳንዱ አንዱን ርዕስ በዋናነት፣ ሌላውን በረዳትነት ይይዛል። የአፈሩ ዋና የውኃው ረዳት፣ የውኃው ዋና የደኑ ረዳት፣ የደኑ ዋና የዱር እንስሳቱ ረዳት፣ የእንስሳቱ ዋና የወቅታዊው ርዕስ ረዳት ይሆንና የወቅታዊው ርዕስ ዋና ወደ አፈሩ ተመልሶ ሰንሰለቱን ይዘጋል። እንዲህ ሲሆን በየጣቢያው፣ ማለትም እያንዳንዱ ርዕስ በሚፈተንበት ቦታ፣ ቢያንስ ሁለት ሰው በቂ ዕውቀት ይኖረዋል፤ ጎረቤት የሆኑት ርዕሶች መያያዛቸውም ኋላ ለቃል አቀራረቡ ይጠቅማል።

አፈር፦ ጀማሪ ቡድን በቶሎ የሚያድግበት ርዕስ

ጥናቱን ከአፈር እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ ተማሪዎቹ ከቤታቸው የማያመጡት ዕውቀት እሱ ስለሆነና በሁለት ወር ልምምድ ትልቅ ለውጥ ስለሚታይበት ነው። የመጀመሪያው ክህሎት አፈርን በእጅ ዳስሶ መለየት ነው። አንድ እፍኝ የማይሞላ አፈር ወስደው ውኃ ጠብ እያደረጉ እንደ ሊጥ ያሹታል። ተጠቅልሎ ካልያዘ አሸዋ ነው። ከያዘ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየገፉ እንደ ጥብጣብ ያወጡታል፤ ጥብጣቡ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ ከተበጠሰ የሸክላ ይዘቱ ዝቅተኛ ነው፤ ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ መካከለኛ፣ ከ5 ካለፈ ደግሞ ሸክላ የበዛበት አፈር ነው። ከዚያ ትንሽ ቆንጥረው በመዳፋቸው ላይ በብዙ ውኃ ያሟሟሉ፤ ቢኮሰኩስ አሸዋ፣ እንደ ዱቄት ቢለሰልስ ደለል ይበዛበታል። ይህን በጽሑፍ አንብቦ የሚያውቅ ተማሪ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲደርስ ይደናገራል፤ ከተለያየ ቦታ የመጣ አፈር በላስቲክ ከረጢት ተሞልቶ በየሳምንቱ ሠላሳ ጊዜ የነካው ግን አይኑን ጨፍኖ ይለየዋል።

ሁለተኛው ክህሎት ጉድጓዱን ማንበብ ነው። ከላይ የቅጠል ብስባሽ፣ ቀጥሎ ጠቆር ያለው የላይ አፈር፣ ከዚያ ሸክላው የተከማቸበት የታች አፈር፣ በመጨረሻም ገና ያልበሰለው መነሻ ቁስና ዐለት በቅደም ተከተል ይታያሉ፤ የየንብርብሩ ምልክት የሆኑትን የላቲን ፊደላትም ማወቅ ግድ ነው። ቀለሙ የሚለካው መንሰል በሚባለው የቀለም መጽሐፍ ሲሆን፣ በውስጡ የቀለሙ ዓይነት፣ ብሩህነቱና ድምቀቱ በሦስት የተለያዩ ምልክቶች ይገለጻሉ። መጽሐፉ ውድ ስለሆነ አይግዙት፤ ከዲስትሪክቱ ይዋሱት። ተማሪው በደንብ መያዝ ያለበት ግራጫ ነጠብጣብ ምን እንደሚናገር ነው፤ አፈሩ ለረጅም ጊዜ በውኃ ሲሞላ ኦክስጅን ያልቃል፤ ቀይነቱን የሚሰጠው ብረትም መልኩን ለውጦ ይሟሟና ይታጠባል፤ የቀረው አፈር ግራጫ ይሆናል። ስለዚህ በጥልቀቱ መካከል ግራጫ ነጠብጣብ ያየ ቡድን፣ እዚህ ቦታ የቤት ፍሳሽ ማጣሪያ ጉድጓድ መቆፈር ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱን፣ ማለትም ቦታው ውኃ ስለሚይዝ እንደማይመች፣ ከአፈሩ ላይ አነበበ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወላጆች ከሚያስቡት በላይ ሊረዱ ይችላሉ። ገጠር ያደገ አባት ወይም አያት፣ ዋልካ በክረምት እንዴት እንደሚያብጥና በበጋ እንዴት እግር እስኪያስገባ እንደሚሰነጠቅ ያውቃል፤ በአሜሪካኖቹ አመዳደብ ከ12ቱ የአፈር ክፍሎች አንዱ የሆነው ቨርቲሶል እሱው ነው። አንዲት ተማሪዬ ይህን ክፍል ለመያዝ ስትቸገር ከርማ፣ አያቷ በስልክ ስለ ዋልካ (መረሬ) እርሻ ሲነግሯት አንድ ጊዜ ሰምታ አልረሳችውም። እርከንም እንዲሁ ነው፤ በዳገት ላይ ውኃን በየደረጃው አስቁሞ አፈርን ማስቀረት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት፣ በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገበውን የኮንሶን እርከን ፎቶግራፍ ከማሳየት የበለጠ አላገኘሁም።

ውኃ

የውኃው ጣቢያ በሁለት ነገር ላይ ይመሠረታል፤ አንዱ ኬሚስትሪ፣ ሌላው በድንጋዩ ሥር የሚኖሩት ነፍሳት ናቸው። በኬሚስትሪው በኩል የሟሟ ኦክስጅን፣ የአሲድነት መጠን፣ ሙቀት፣ ድፍርስነት፣ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ምን ያህል ሲሆኑ ጤናማ እንደሚባሉ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ግን አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ መረዳት ይቀድማል። ውኃ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ በሊትር 14.6 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ 25 ዲግሪ ላይ ወደ 8.3 ይወርዳል። በጅረት ዳር ያለ ዛፍ ሲቆረጥ ጥላው ይጠፋል፤ ውኃው ይሞቃል፤ ኦክስጅኑ ይቀንሳል፤ ቀዝቃዛ ውኃ የሚፈልገው ብሩክ ትራውት የተባለው ዓሣም ይሰደዳል ወይም ይሞታል። ይህን ሰንሰለት ከጫፍ እስከ ጫፍ መናገር የሚችል ተማሪ ከደኑም ከእንስሳቱም ጣቢያ ነጥብ ይዞ ይመለሳል።

ነፍሳቱን ለመለየት ጅረት ውስጥ መግባት ይሻላል። ብክለት የማይችሉት ሦስቱ ወገኖች ሜይፍላይ፣ ስቶንፍላይና ካዲስፍላይ ናቸው። የሜይፍላይ ጩጬ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጭራ ሲኖረው በውኃ ውስጥ የሚተነፍስባቸው ጊሎቹ በሆዱ ጎንና ጎን ይርገበገባሉ፤ ስቶንፍላይ ሁለት ጭራ ብቻ አለው፤ ካዲስፍላይ ብዙ ጊዜ ከአሸዋና ከእንጨት ስባሪ በሠራው ቤት ውስጥ ይገኛል። በአንጻሩ በመረቡ ውስጥ አልቅትና ትል ብቻ ከተገኘ ውኃው ታሟል። ኬሚስትሪው የዛሬን ቀን ብቻ ሲናገር፣ ነፍሳቱ ግን ወራት የኖሩበትን ውኃ ይመሰክራሉ፤ ዳኞች ይህን ልዩነት የሚጠይቁት ደጋግመው ነው።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚወዳደር ቡድን የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ተለይቶ ይጠና። ተፋሰሱ ስድስት ግዛቶችንና ዋሽንግተን ዲሲን የሚነካ፣ ስፋቱም ወደ 166,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። ከእርሻና ከሣር ሜዳ የሚታጠበው ማዳበሪያ አልጌን ያፋፋል፤ አልጌው ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል፤ በበጋም ሕይወት የማይኖርበት የውኃ ክፍል ይፈጠራል። አንድ ትልቅ ኦይስተር (በባሕር ውስጥ የሚኖር ባለ ዛጎል እንስሳ) በቀን እስከ 190 ሊትር ገደማ ውኃ ሊያጣራ እንደሚችል ሲሰሙ፣ የኦይስተሩ መመናመን ለምን የምግብ ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ልጆቹ ወዲያው ይገባቸዋል።

ደንና የዱር እንስሳት

ደኑ ልምምድ እንጂ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። የዛፍ ውፍረት የሚለካው ከመሬት 1.37 ሜትር ከፍ ብሎ ሲሆን፣ በዳገት ላይ ያለ ዛፍ ከላይኛው በኩል ቆመው ይለኩታል። መለኪያው ቢልትሞር የሚባለው ዱላ ነው፤ ከዓይን 63.5 ሴንቲ ሜትር ርቆ ካልተያዘ ውጤቱ ይዛባል። ዱላው እስኪገኝ በገመድ ዙሪያውን ለክተው ለ3.14 ያካፍሉ። ዛፍ ለመለየት ደግሞ ከቅጠሉ በፊት ቅርንጫፉን ይዩ፤ በአካባቢያችን ካሉት ትልልቅ ዛፎች ቅርንጫፋቸው ፊት ለፊት ተጣምሮ የሚወጣው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ በዋናነት ሜፕል፣ አሽና ዶግዉድ። የሜሪላንድ መለያ የሆነው ነጭ ኦክ የቅጠሉ ጫፎች የተጠጋጉ ሲሆኑ፣ የቀይ ኦክ ወገኖች ጫፍ ሹልና ጸጉር ያለው ነው። ከተባይ ወገን ከእስያ መጥቶ በ2002 በሚሺጋን የተገኘውና የአሽን ዛፍ የፈጀው አረንጓዴ ጢንዚዛ ሳይጠየቅ የሚያልፍበት ዓመት ጥቂት ነው።

በዱር እንስሳቱ ጣቢያ ጠረጴዛ ላይ ራስ ቅል፣ ቆዳ፣ የኮቴ ቅርጽና ኩስ ተደርድሮ ይጠብቃል። ራስ ቅሉን ሲያነሡ መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ ጥርስ ይታይ፤ አዳኙ ዓይኖቹ ወደ ፊት፣ ታዳኙ ወደ ጎን ናቸው። አጋዘን የላይ የፊት ጥርስ ስለሌለው ቅርንጫፍ ሲበላ ቦጭቆ ይተወዋል፤ ጥንቸል ግን በቢላ እንደተቆረጠ አስመስላ ትቆርጠዋለች። ስለዚህ በጫካ ውስጥ የተበላ ለጋ ቅርንጫፍ ብቻ አይቶ የበላውን መናገር ይቻላል፤ ልጆቹ ይህን አንድ ጊዜ ካዩ በኋላ በየመንገዱ ቅርንጫፍ እየመረመሩ ወላጆቻቸውን ያስቸግራሉ። ሕጎቹንም ከነዓመታቸው ይያዙ፤ በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘ የዱር እንስሳ ንግድን የሚከለክለው የ1900ው የሌሲ ሕግ፣ የ1918ቱ የስደተኛ አእዋፍ ስምምነት ሕግ፣ በጦር መሣሪያና በጥይት ላይ ከሚጣል ግብር ለዱር እንስሳት ጥበቃ ገንዘብ የሚያስገኘው የ1937ቱ የፒትማን ሮበርትሰን ሕግና በመጥፋት ላይ ላሉ ዝርያዎች የወጣው የ1973ቱ ሕግ ዋነኞቹ ናቸው።

ወቅታዊውን ርዕስ በተመለከተ ጽሑፉ እንደወጣ ማንበብ መጀመር ብቻ ነው። በ2022 ርዕሱ ቆሻሻን ወደ ሀብት መለወጥ፣ በ2023 ከሚለዋወጥ የአየር ንብረት ጋር መላመድ፣ በ2024 ታዳሽ ኃይል ነበር። ያለፈው ዓመት ማስታወሻ ለዘንድሮው ብዙ አይረዳም፤ አራቱ ቋሚ ርዕሶች ግን ዓመት ከዓመት ይከማቻሉ።

አንዲቱን ወረቀት መሙላት

ከፌብሩዋሪ ጀምሮ ቡድኑ በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ፈተና በሰዓት ተለክቶ፣ ቆሞና በአንድ ወረቀት ይሥራ። ወረቀቱን ሲያገኙ መጀመሪያ ለጥቂት ሰከንዶች ሁሉንም ጥያቄ አንዱ ጮክ ሳይል ያነብባል፤ ናሙና መንካትን ወይም መለካትን የሚጠይቁትን ሁለት ሰዎች ይዘው ወዲያው ወደ ናሙናው ይሄዳሉ፤ ሦስቱ የቀሩትን ይጀምራሉ። ጸሐፊው ጽሑፉ የሚነበብ እንጂ የርዕሱ ዋና መሆን የለበትም፤ ዋናው ሲጽፍ ማሰብ ያቆማልና።

ስለ አለመስማማት አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአንድ ዓመት ቡድናችን የውኃ ጣቢያ ላይ ሳለ፣ የ10ኛ ክፍል ልጅ የሆነችው የእኛው አገር ልጅ ነፍሳቱን በትክክል ለይታ ሳለ የ12ኛ ክፍሉ ልጅ በልበ ሙሉነት የተናገረው ስሕተት ተጻፈ። ኋላ ለምን ዝም እንዳለች ስጠይቃት ታላቋን መቃወም ነውር መስሎ እንደታያት ነገረችኝ። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ እኔ እንዴት መቃወም እንዳለባቸው አላስተማርኳቸውም ነበር። በጨዋነት ያደጉ ልጆቻችን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይጎዳሉ። ከዚያ ወዲህ የምጠቀምበት ሥርዓት ይህ ነው፤ መልስ የሚናገር ሁሉ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ በጣቱ ያሳያል፤ ሦስት ጣት አውቀዋለሁ፣ ሁለት ጣት ይመስለኛል፣ አንድ ጣት ግምት ነው። የተለያየ መልስ ሲመጣ ታናሹ መጀመሪያ፣ የርዕሱ ዋና መጨረሻ ይናገራል፤ በግማሽ ደቂቃ ካልተስማሙ የዋናው ቃል ይጻፍና ጥያቄው ምልክት ተደርጎበት ይታለፋል። ከፈተናው በኋላ ደግሞ ያጡትን ነጥብ በሁለት ክምር ይለዩት፤ ማንም ያላወቀው በአንድ ወገን፣ አንዱ አውቆት ያልተጻፈው በሌላ ወገን። ሁለተኛው ክምር ከመጀመሪያው የበለጠ ሆኖ ሲያዩ ሁሌም ይደነግጣሉ።

የቃል አቀራረብ

በፍጻሜው ውድድር ቡድኑ ስለ አንድ መሬት ወይም ተፋሰስ የሚገልጽ ጽሑፍና ካርታ ይሰጠዋል፤ ከአማካሪው ተለይቶ፣ ከውጭ መረጃ ሳያስገባ ይዘጋጃል፤ 20 ደቂቃ ያቀርባል፤ ከዚያ ለዳኞች ጥያቄ ይመልሳል። አምስቱም መናገር አለባቸው። በካውንቲና በግዛት ደረጃ ጊዜው ሊያጥር ስለሚችል ደንቡን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ልምምዱን በአንድ ምናባዊ ጉዳይ ላሳይ። በፍሬድሪክ ካውንቲ ከብቶቹ ጅረት ውስጥ እየገቡ የሚጠጡለት ገበሬ አለ እንበል፤ ጅረቱ ወደ ሞኖከሲ፣ ሞኖከሲ ወደ ፖቶማክ፣ ፖቶማክ ወደ ቼሳፒክ ይፈሳል። ደካማ ቡድን አጥር ይሠራ፣ ዛፍ ይተከል ብሎ ይቀመጣል። ጠንካራው ቡድን ከአፈሩ ይነሣል፤ ዳርቻው በኮቴ ተረግጦ ስለጠነከረ ዝናቡ ሳይሰርግ አፈር ይዞ ይወርዳል። ውኃው በፋንድያና በደለል ይደፈርሳል፤ ጥላ ስለሌለውም ይሞቃል። በዳርቻው የሚተከለው ዛፍ እርጥበት የሚችል የአገሩ ዝርያ እንዲሆን በስም ይጠራል፤ አጋዘን ችግኙን እንዳይጨርሰው መከለያ ይታሰብለታል። ከዚያ ወደ ገበሬው ኪስ ይገባል፤ የሚያጣው መሬት ምን ያህል ነው? ከብቱ ከየት ይጠጣል? አጥሩን ማን ይከፍላል? ሜሪላንድ ለሽፋን ሰብል (ዋናው ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ አፈሩን ለመጠበቅ ለሚዘራው) ለገበሬዎች ክፍያ የምትሰጥበት መርሐ ግብር እንዳላት የሚያውቅ ቡድን እዚህ ላይ ከሌሎቹ ይለያል። በመጨረሻም መፍትሔው መሥራቱን በምን እንደሚለኩ ይናገራሉ፤ በየዓመቱ ስቶንፍላይ ይቆጠራል፣ የበጋው ሙቀት ይመዘገባል።

ዳኞች አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠቁት ወጪውንና የሚቃወመውን ሰው ነው። ስለዚህ በልምምድ ጊዜ አንድ ወላጅ እንደ ተቆጣ ገበሬ፣ ሌላው እንደ ገንዘብ ጠባቂ ሆኖ ይጠይቅ፤ የእኛ ወላጆች በዚህ ሥራ ተወዳዳሪ የላቸውም። ተማሪው የማያውቀውን ሲጠየቅ፣ እሱን አላውቀውም፣ ለማወቅ ግን ይህን እለካለሁ ብሎ መመለስን ይልመድ። ለዳኞች የሚያሳዩት ሥዕል በእጅ የተሣለ ቢሆንም ችግር የለውም፤ ከክፍሉ ጀርባ የማይነበብ ከሆነ ግን አለመኖሩ ይሻላል።

የውድድሩ ቀን

ዝናብ ቢዘንብም ፈተናው ብዙ ጊዜ አይቀርም። እስክሪብቶ በረጠበ ወረቀት ላይ አይጽፍም፤ ስለዚህ አምስቱም እርሳስ ይያዙ፤ የወረቀት መደገፊያውን የሚሸፍን ግልጽ ላስቲክም አይረሳ። ረጅም ሱሪ ይልበሱ፤ የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ይክተቱ፤ በዚህ አካባቢ መዥገር የላይም በሽታን ያስተላልፋል። ማታ ቤት ሲገቡ ከብብት እስከ ጉልበት ጀርባ ይመርመሩ። ሲነካ ቆዳን የሚያሳክከውን፣ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን ፖይዝን አይቪ የተባለ ተክል ከውድድሩ በፊት ሁሉም አይተው ይለዩት።

አንድ ነገር አዘጋጆቹ አያውቁትምና ራሳችሁ አስቡበት። የካውንቲው ውድድር በጸደይ ስለሚውል ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ወይም ከፋሲካ ሰሞን ጋር ይገጥማል፤ የሚቀርበው ምሳ ደግሞ በአብዛኛው አይብና ሥጋ ያለበት ነው። የሚጾም ልጅ የራሱን ሽሮ ፍትፍት ወይም ሌላ የጾም ምግብ ይዞ ይሂድ፤ በረመዳን የሚጾም ተማሪ ካለም የቃል አቀራረቡ ሰዓት ቀደም እንዲልለት አማካሪው አስቀድሞ ይጠይቅ። ብዙ ጊዜ በቀናነት ያስተናግዳሉ።

ወደ ቤት ስትመለሱ መኪናው ውስጥ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ አምስቱ የሚያስታውሷቸውን ጥያቄዎች በየርዕሱ በድምፅ ይቅዱ። በማግሥቱ ግማሹ ከአእምሯቸው ይጠፋል። ቅጂው፣ የአፈር ከረጢቶቹ፣ ገመዱና የማጥኛ ጽሑፉ በአንድ ሣጥን ገብተው ለሁለቱ የ10ኛ ክፍል ልጆች ይሰጡ፤ በሴፕቴምበር የመጀመሪያውን ስብሰባ የሚጠሩት እነሱ ናቸው።